የሜታል ሸክላ የሚገዛ ሁሉ ሞኝ ነው ላሉን

ሄቪ ሜታል ስለሚባለው በጊታር የሚያጓራ የሮክ ሙዚቃ አድናቂዎች በቅርቡ የወጣ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። ጸሐፊው ሰብሳቢዎችን በሩቅ ያዩ ሰው አይመስሉም። የመደርደሪያውን አደራደር፣ የሸክላውን የፕላስቲክ ልባስ፣ ጃኬት ላይ የሚሰፋውን የባንድ አርማ ሁሉ ጠቅሰዋል። ፍርዳቸው ግን አስቀድሞ ያለቀ ነው። ሙዚቃ ሁሉ በስልክ በሚገኝበት ዘመን ሸክላና ሲዲ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው ይላሉ። የባንድ ቲሸርት የሚለብሰውን ሰው ከኪሱ ከፍሎ የሌላ ሰው ሸቀጥ የሚያስተዋውቅ አድርገው ያዩታል። በውስን ቁጥር ታተመ የሚባለው ሁሉ ለእሳቸው ኪስ ማጠቢያ ነው፤ ሙዚቃው የሰይጣን ነው፤ ሽፋኑን ቤት ማስገባትም ጣጣ መጥራት ነው። በዚያ ላይ ነገሩ የፈረንጅ ነው፣ እኛን አይነካንም ካሉ በኋላ ወላጆች የልጆቻቸውን ክፍል እንዲፈትሹ ይመክራሉ።

እኔ ከሚሰበስቡት አንዱ ነኝ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ የምጽፈው እንደ ተከሳሽ ነው፣ ተከሳሽ ደግሞ ክሱን በየተራው የመመለስ መብት አለው። ካላመለከትኩ በስተቀር ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ ከሚለው ልጀምር፤ አብዛኛው አንባቢ ሳይጠይቅ የተቀበለው ይህንን ይመስለኛል። ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን ብላክ ሳባዝ ከሚባለው የእንግሊዝ ሜታል ባንድ ከተባረረ በኋላ በራሱ ስም ሁለት አልበሞች አከታትሎ አወጣ፤ በ1980 «ብሊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን፣ በ1981 «ዳያሪ ኦፍ ኤ ማድማን»ን። በሁለቱም ላይ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ቦብ ዴዝሊ፣ ድራም የመታው ሊ ከርስሌክ ነው። በኋላ ሁለቱ ሙዚቀኞች የሚገባን ክፍያ አልደረሰንም ብለው ከኦዝቦርን ወገን ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በ2002 አልበሞቹ እንደገና ሲታተሙ የሁለቱ ሰዎች አጨዋወት ተነስቶ፣ በቦታው ሮበርት ትሩሂዮ ቤዙን፣ ማይክ ቦርዲን ድራሙን እንደ አዲስ ተጫውተው ገባ። ሽፋኑ ያው፣ ስሙ ያው፣ ጊታሩና ድምፃዊው ያው፤ ከሥር የሚሄደው ምት ግን የሌላ ሰው። የመጀመሪያው ቅጂ ተመልሶ በይፋ የታተመው በ2011 ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ሱቅ ገብቶ አዲሱን ሲዲ የገዛ ወጣት ታላቅ ወንድሙ የሰማውን አልሰማም። አሮጌ ሸክላውን ያልጣለው ሰው ግን በፈለገ ጊዜ አውጥቶ ይሰማው ነበር።

ይህ አንድ አጋጣሚ ነው፣ እንዲያውም ያኔ ገበያ ላይ የነበረው ሲዲ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት ነው። ሆኖም ባለ መብቱ ሲዲውን እንዲህ መቀየር ከቻለ፣ ሁላችንም በኪራይ የምንሰማውን መቀየር ምን ያህል ይቀለው ይሆን? ስልክ ላይ ያለው ሙዚቃ ባለ መብቱና አሰራጩ ሲጣሉ ይነሳል፣ ሲታረቁ ይመለሳል፣ ድምፁ «ታደሰ» ሲባል ደግሞ የቀድሞው በአዲሱ ይተካል። በወር የሚከፍለው ሰው አይጠየቅም፣ ብዙ ጊዜም አይነገረውም። እኔም በስልክ አደምጣለሁ፤ መንገድ ላይ ሸክላ ማጫወቻ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። የምወደውን አልበም ለብቻው የምገዛው ማንም ከበስተኋላዬ እንዳይነካብኝ ነው።

ጸሐፊው ከገዢው ኪስ የሚወጣውን ቆጥረው ሙዚቀኛው እጅ የሚገባውን ሳይቆጥሩ ማለፋቸው ደግሞ ገርሞኛል። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰራጨው ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስብም። ከዚያ በላይ ለተደመጠው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በአንድ መደመጥ ከግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። እንግዲህ 1,000 ጊዜ የተደመጠ ዘፈን 5 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ እሱንም አሳታሚው ድርሻውን ካነሳለት በኋላ አራት አምስት ሰዎች ይካፈሉታል። ያ ባንድ ከአንድ ቲሸርት ላይ 10 ዶላር ተርፎት እንደሆነ፣ ያንኑ ገንዘብ ከስልክ ለማግኘት አንድ ዘፈኑ ቢያንስ 2,000 ጊዜ መደመጥ ነበረበት። ዝነኛው የሜታል ባንድ ሜታሊካ በዚህ ስሌት አይጎዳ ይሆናል። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ እየሠራ ቅዳሜ ማታ ሁለት መቶ ሰው ፊት ለሚጫወተው ባንድ ግን ልዩነቱ ለቀጣዩ ከተማ ነዳጅ የመቅዳትና ያለመቅዳት ጉዳይ ነው።

ሜታል ገና ከጅምሩ ሬዲዮ ያልነበረው ሙዚቃ መሆኑንም መርሳት አይገባም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአገር አገር የተዛመተው በካሴት ልውውጥ ነው። አንዱ የቀዳውን ለማያውቀው ሰው በፖስታ ይልካል፣ ተቀባዩ ደግሞ የራሱን ቀድቶ ይመልሳል። የሜታሊካ የ1982 የሙከራ ቅጂ «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» ባንዱ አንድም አልበም ሳያወጣ በዚህ መንገድ ተባዝቶ ተዳርሷል። አልበም ሲወጣ ደግሞ በሽፋኑ ጀርባ ወይም በውስጥ ወረቀቱ ላይ ባንዱ የሚያመሰግናቸው ሌሎች ባንዶች ስም በደቃቅ ፊደል ይደረደራል። ስንቱ አድናቂ ቀጥሎ የሚሰማውን ከዚያ ዝርዝር ላይ በእስኪርቢቶ እያሰመረ መርጧል። ይህን ወረቀት ስልክ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ቲሸርቱ። ማስታወቂያ ነው መባሉን አልክድም። ጥያቄው ማን ለማን ያስተዋውቃል የሚለው ነው። የሜታሊካው ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ እስኪሞት ድረስ የሚስፊትስን ቲሸርት ከገላው አያወልቅም ነበር ማለት ይቻላል። ሚስፊትስ ግን በ1983 የተበተነ፣ ከትንሽ ክበብ ውጭ ብዙም የማይታወቅ የኒው ጀርሲ ፓንክ ባንድ ነው። አድናቂው ፎቶውን ያያል፣ ደረቱ ላይ ያለው የራስ ቅል የማን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ሸክላ ቤት ሄዶ ይፈልጋል። በ1987 ሜታሊካ ራሱ ሁለት የሚስፊትስ ዘፈኖችን አያይዞ ተጫወተ። ዛሬ ያ የራስ ቅል በዓለም ላይ በብዛት ከሚለበሱ የባንድ አርማዎች አንዱ ነው። ለበርተን ለዚህ «ማስታወቂያ» የከፈለው ማንም አልነበረም፤ ባንዱም የለም። አንድ ሰው የወደደውን ለበሰ፣ በቃ።

በነገራችን ላይ፣ ጸሐፊው ዘፈኑን ሳያውቁ ቲሸርቱን የሚለብሱ ወጣቶች ላይ ያሾፉት እኔን አላሳቀኝም። አገራችን ሰልባጅ ተራ ቦንዳ ሲፈታ የእንግሊዙ ሜታል ባንድ የአይረን ሜይደን አስፈሪ አርማ ኤዲ ከቅርጫት ኳስ ማሊያ ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል። የገዛው ልጅ ኤዲን አላወቀውም፤ ርካሽና ጠንካራ ቲሸርት አገኘ። ይህ ምኑ ነውር ነው? እኔ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ሳይ «ሦስት ዘፈን ጥራ» ብዬ የምፈትን ሰው አይደለሁም፤ የሚፈትኑትንም አልወድም።

የቲሸርት ዋጋ ንሯል መባሉ ትክክል ነው፤ ለምን እንደናረ ግን ጽሑፉ አይነግረንም። ባንዱ በሚጫወትበት አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቲሸርት ሲሸጥ ብዙ አዳራሾች ከሽያጩ 20፣ 25፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በመቶ ይወስዳሉ። አዳራሹ ቲሸርቱን አላሠራውም፣ አልተሸከመውም፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠውም የባንዱ ሰው ነው። ሙዚቀኞች ለዓመታት ከጮኹ በኋላ የኮንሰርት አዘጋጁ ድርጅት ላይቭ ኔሽን በመስከረም 2023 አሜሪካ ውስጥ በሚያስተዳድራቸው አነስተኛ ክለቦች ይህን መቁረጥ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ውሳኔው ግን ትልልቆቹን አልነካም። ስለዚህ 40 ዶላር ተጠይቀው የደነገጡ ሰው ቁጣቸውን ጠረጴዛው ኋላ በቆመው ልጅ ላይ ባያወርዱት ጥሩ ነው።

ሁሉም ባንድ አድናቂውን ይግጣል የሚለውንም ቦልት ትሮወር ብቻውን ያፈርሰዋል። የእንግሊዝ ኮቨንትሪ ባንድ ነው፣ በ1986 የተቋቋመ። የኮንሰርት ትኬትና ቲሸርት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ በመያዝ የታወቀ ነበር፤ ቲሸርቱን በርካሽ ገዝተው ኢንተርኔት ላይ በእጥፍ የሚቸበችቡትን ደግሞ አምርሮ ይጠላ ነበር። በ2005 ካወጡት የተሻለ መሥራት እንደማይችሉ ስላመኑ ሌላ አልበም አላወጡም። ድራም መቺያቸው ማርቲን ከርንስ በመስከረም 2015 ሲሞት በዓመቱ ባንዱን ዘጉት። በዚህ ሁሉ ላይ አድናቂውን ለማለብ የተንቀሳቀሰ እጅ አላየሁም።

ስለ ውስን እትም ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። አንድ አልበም በቀይ፣ በወርቃማ፣ በጭስ መሳይ ሸክላ፣ ለአንድ ሱቅ ብቻ፣ ለአንድ አገር ብቻ እየተባለ በዘጠኝ ዓይነት ሲወጣ ሙዚቃው ቅንጣት አልተለወጠም። የሁሉንም ቀለም የሚገዛ ሰው የሚሰበስበው ፕላስቲክ ነው። ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ይቆጡ። ሆኖም ይህ ብልጠት የሜታል ብቻ አይደለም፤ የፖፕ ኮከቦች በእጅጉ ያስከነዱታል። ሜታል ውስጥ ተቃራኒውም አለ። ሜታሊካ በ1987 ያወጣው አጭር አልበም ዋጋውን በርዕሱ ላይ አትሞታል፤ «ባለ 5.98 ዶላሩ» ይላል ሽፋኑ፣ ሱቆች እንዳይጨምሩበት። ሲዲው ሲወጣም 9.98 ተብሎ ታተመ። ገዢውን ለመጠበቅ ዋጋን የአልበም ስም ያደረገ ሌላ ማንን እናውቃለን?

የሞተ ቴክኖሎጂ ነው ለተባለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር እንደመዘገበው በ2022 በዚያ አገር 41 ሚሊዮን ሸክላና 33 ሚሊዮን ሲዲ ተሸጧል፤ ሸክላ ሲዲን በብዛት ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኢንዱስትሪው የተቸገረው በገዢ እጥረት ሳይሆን በማምረቻ እጥረት ነው። የካቲት 2020 ካሊፎርኒያ፣ ባኒንግ ከተማ የነበረው የአፖሎ ማስተርስ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ለሸክላ መቅረጫ የሚሆነውን ላከር የሚባል ልባስ የተቀባ ዲስክ የሚያመርት በዓለም ላይ የቀረው አንድ የጃፓን ድርጅት ብቻ ነበር። ሜታሊካ ደግሞ በመጋቢት 2023 የፈርነስ ሸክላ ማተሚያን አብላጫ ድርሻ ገዛ። ማተሚያው ያለው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ያ አካባቢ የስንት ሐበሻ መኖሪያ እንደሆነ ለዋሽንግተን ሰው አይነገረውም። የዓለም ትልቁ ሜታል ባንድ ሸክላ የሚያትመው ከእንጀራ ቤቶቻችን ብዙ ሳይርቅ ነው።

ሰብሳቢ ሁሉ ነጋዴ ነው፣ ነገ ሊሸጠው ነው ለሚለው ደግሞ፣ ምናለ በሆነ! የሜታሊካ የ1991 ጥቁር ሽፋን አልበም በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ማንን ሊያበለጽግ ነው? ዋጋ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ለምሳሌ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በየካቲት 1970 በቨርቲጎ ስም ሲታተም መሃሉ ላይ የሚሽከረከር የሚመስል ጥቁርና ነጭ ክብ ነበረበት፤ ያ ቅጂ ዛሬ ውድ ነው። እሱንም ለመለየት ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። በቲሸርት በኩል ስፌት ይታያል፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት አብዛኞቹ እጅጌያቸውና ታችኛው ጠርዛቸው ላይ አንድ ረድፍ ስፌት ብቻ ነው ያላቸው። ይህን እውቀት ለትርፍ የሚጠቀም አለ። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን ከሚሸጡ ጣታቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ።

የሰይጣን ነው ለሚለው ክስ ጸሐፊው ሦስት ማስረጃ አቅርበዋል፤ የተገለበጠ መስቀል፣ የአውሬው ቁጥር፣ ኖርዌይ።

መስቀሉ አለ። የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ አልበም ሁለት ተከፋች ሽፋን ሲከፍቱት ውስጡ ላይ የተገለበጠ መስቀልና በላዩ የተጻፈ ግጥም ይገኛል። ያስገባው አሳታሚው ነው፤ ባንዱ ታትሞ ሲያየው አልወደደውም። እነዚያው ሰዎች መድረክ ላይ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ቀጥ ያለ መስቀል ነበር፤ የኦዚ አባት በሚሠሩበት ፋብሪካ ከአሉሚኒየም የቀረጹላቸው። ግጥሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤት ያደገ ነው፤ በ1971 አልበማቸው ላይ «አፍተር ፎርኤቨር» የሚለውን ዘፈን ለሰማ ሰው እግዚአብሔርን በሚክዱት ላይ የሚሟገት ነው። አንባቢው ይህን ሁሉ የሚያገኘው ሽፋኑን ሲከፍትና የግጥሙን ወረቀት ሲያነብ ነው። ጸሐፊው መስቀሉን አይተው ዘፈኑን ካልሰሙ፣ ግማሽ መንገድ ሄደው ተመልሰዋል።

የአውሬው ቁጥር፣ ማለትም የአይረን ሜይደን የ1982 አልበም፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ንባብ ከራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 12 እና 13 የተወሰደ ነው። ዘፈኑ የቅዠት ታሪክ ነው፤ ተራኪው ያየውን ፈርቶ ይሸሻል። አሜሪካ ውስጥ ሸክላውን ክምር አድርገው ያቃጠሉ ነበሩ፤ ሙዚቀኞቹ ግን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ታወቁ። በ1990 ደግሞ ሌላው የእንግሊዝ ሜታል ባንድ ጁዳስ ፕሪስት ኔቫዳ፣ ሬኖ ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቧል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ጆሮ የማይለየው ትእዛዝ ደብቆ ሁለት ወጣቶችን ለራሳቸው ጥፋት ዳርጓል ተብሎ ነበር። ዳኛው ማስረጃውን ሰምተው ለባንዱ ፈረዱ። በጽሑፉ ውስጥ ክሱ አለ፣ ፍርዱ የለም።

የኖርዌይን ጉዳይ አላለሳልሰውም። በ1992 በርገን አጠገብ ያለው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1993 አንዱ የኖርዌይ ሜታል ሙዚቀኛ ሌላውን ገደለ፤ ገዳዩ ቫርግ ቪከርነስ በነፍስ ግድያና ቤተ ክርስቲያን በማቃጠል በ1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ወንጀል ነው፤ በሙዚቃ ስም የሚታጠብ አይደለም። የዚህን ሰው ሸክላ አልገዛም፤ ገንዘቤ ወደ እሱ እንዲሄድ አልፈልግም። አንድ ሰብሳቢ ገዝቶ በታሪክነቱ ቢያስቀምጠው አልከሰውም፤ በዚህ ጉዳይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር ተስማምተን አናውቅም። ግን የጥቂት ወጣቶችን ወንጀል ይዞ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ተወልዶ ዓለምን ያዳረሰን ሙዚቃ በሙሉ መኮነን ፍትሕ አይደለም። ሚዛኑ እንዲሞላ ስትራይፐር የሚባል የካሊፎርኒያ ሜታል ባንድ መኖሩንም ጸሐፊው ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ቢጫና ጥቁር እየለበሱ ከመድረክ ላይ ለታዳሚው አዲስ ኪዳን ይወረውሩ ነበር። ሰይጣንን ወደ ሲኦል የሚሰድ ርዕስ ያለው የ1986 አልበማቸው አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

አሁን በጽሑፉ ውስጥ ካለው ሁሉ ወደ ከነከነኝ ልምጣ፤ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም ወደተባለው።

የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወገኖቻችንን ሲፈጅ፣ ለኢትዮጵያ ርዳታ ለማሰባሰብ ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተዘጋጀ። ከኦዚ ጋር ለዓመታት ተለያይተው የነበሩት የብላክ ሳባዝ አባላት በዚያ ቀን ፊላዴልፊያ መድረክ ላይ አራቱም አንድ ላይ ቆሙ፤ ሦስት ዘፈን ተጫወቱ። ጁዳስ ፕሪስትም በዚያው መድረክ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ የሜታል ድምፃዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮና የባንዱ ልጆች ጂሚ ቤንና ቪቪያን ካምቤል፣ ፖፕ ዘፋኞቹ ለአፍሪካ ሲዘምሩ ሜታሎቹን ማን ጠራቸው ብለው የራሳቸውን አዘጋጁ። ሂር ኤን ኤይድ ይባላል። ግንቦት 1985 ሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ ወደ 40 የሚሆኑ ሙዚቀኞች ተሰብስበው «ስታርስ»ን ቀረጹ፤ የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ፣ የአይረን ሜይደኖቹ ዴቭ መሪና ኤድሪያን ስሚዝ፣ ስዊድናዊው ጊታሪስት ኢንግቬ ማልምስቲን ነበሩበት። በ1986 ሸክላው ሲወጣ ኪስ፣ ሞተርሄድ፣ ስኮርፒየንስና አክሴፕትም ዘፈን አዋጥተውበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደተሰበሰበ ይነገራል። ሰይጣን አምላኪ ከተባሉት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የእኛን ረሃብ ሰምተው ያሳተሙት ሸክላ ነው ይህ። ባለውለታችን ናቸው፣ እንስገድላቸው አላልኩም። እኛን አይነካንም ማለት ግን አይቻልም፤ ነክቶናል፣ በክፉ ቀናችን።

የፈረንጅ ብቻ መሆኑም አብቅቷል። ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ ጃኬትና የከብት ጠባቂ ባርኔጣ የሚለብሱ ሜታለኞች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ኦቨርትረስት የተባለው ባንድ በ2016 ጀርመን ድረስ ሄዶ ዋከን በሚባለው ትልቁ የሜታል ፌስቲቫል ላይ ተጫውቷል። የናይሮቢው ባንድ ዱማ በ2020 ያወጣው አልበም እንደ እኔ ያለውን ለጩኸት የለመደ ጆሮ እንኳ ያስደነግጣል። ዛምቢያ ደግሞ ሜታል ባይባልም የቅርብ ዘመዱ የሆነ፣ ጊታሩ የሚያጉረመርም ሮክ በ1970ዎቹ ነበራት። የዊች ባንድ ሸክላዎች ያኔ በጥቂቱ ታትመው ተረስተው ነበር። ሰብሳቢዎች ፈልገው አገኟቸው፣ እንደገና ታተሙ፣ ድምፃዊው ኢማኑኤል ጃጋሪ ቻንዳም በስተርጅና አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ሰብሳቢው የሠራውን ሥራ ማስታወቂያ ነው የሚለው ማነው?

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አምሐ እሸቴ በ1969 የአምሐ ሪከርድስን ሥራ ሲጀምር ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር፤ ደፍሮ ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አውጥቷል። የኢትዮጵያን ዘፈን ለውጭው ዓለም ያሳተመው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም መጀመሪያ የተማረከው የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ነው። በ1986 የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» ብራስልስ ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ታተመ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች መጡ። የጥላሁንን፣ የዓለማየሁ እሸቴን፣ የሙላቱን የዚያን ዘመን ሸክላ ኦሪጅናሉን ይዞ የቆየ ሰው ዛሬ በአክብሮት ነው የሚፈለገው። ያኔ ግን ቤተ ሰቡ ይህን ኮተት አንዴ አውጥተህ ጣል ሳይለው አልቀረም።

የቀረው ለወላጆች የተሰጠው ምክር ነው፤ ክፍሉን ይፈትሹ የሚለው። እኔም ይፈትሹ እላለሁ። ግን ሽፋኑን አይተው አይመለሱ፤ ውስጡ የታተመውን ግጥም ያንብቡ፣ ፈረንጅኛው ከከበዳቸው ልጁ ራሱ ይተርጉምላቸው። ከሜታሊካ የ1986 አልበም ቢጀምሩ የርዕሱ ዘፈን ሱስ ሰውን እንዴት አሻንጉሊቱ እንደሚያደርገው የሚናገር ነው። ከብላክ ሳባዝ ሁለተኛ አልበም ቢጀምሩ፣ ሽፋኑ ላይ ጋሻና ጎራዴ የያዘ ሰው ያገኛሉ፤ አልበሙ «ዎር ፒግስ» ሊባል ታስቦ ነበርና አሳታሚው ስሙን «ፓራኖይድ» ብሎ ሲቀይር ሥዕሉ እንዳለ ቀረ። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን «ዎር ፒግስ» የድሃ ልጅ ወደ ጦርነት ልከው እነሱ ቤታቸው የሚቀመጡትን ጄኔራሎችና ፖለቲከኞች የሚረግም ነው። ልጁ ይህን ሲተረጉም ሰምቶ «ይህን ጣለው» የሚል ኢትዮጵያዊ አባት ካለ፣ ምክንያቱን ጽፎ ቢያስነብበን ከዚህኛው ጽሑፍ ይልቅ እሱን ለማንበብ እጓጓለሁ።